ከዋጋው በፊት ባለሐቁን እንወቅ



ፈተናው እየተጠናቀቀ ነው፤ ኢንሻአላህ በቅርቡ ወደየቤታችን እንበተናለን። ከመካከላችን ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ ኮኪት፣ ወደ ሽንፋና ወደ መተማ ዮሐንስ የምንወርድ አለን። እዚያ በየቤቱ፣ ከሣጥን ሥርና ከቆጥ ላይ፣ ማንም ብዙ የማያያቸው ዕቃዎች አሉ። የአያት አልቦና ድሪ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ኪታብ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰይፍ፣ ቅድመ አያት የቀሩበት ለውሕ። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ስለነዚህ ዕቃዎች ዘንድሮ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኗል፤ «ስንት ያወጣል?» የሚል። መጠየቁ አይገርምም። በክልላችን ያለው ግጭት፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው ጦርነትና የኑሮው ውድነት ብዙ ቤተሰብ ሣጥኑን እንዲከፍት አስገድደውታል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛውም ሰው ይህን ያውቃል። እኛ ግን ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እንላለን፤ «በዚህ ዕቃ ውስጥ የማን ሐቅ አለ?» የሚል። እሱን ለመመለስ ደግሞ በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ማወቅ የሙዚየም ሠራተኛ ሥራ ብቻ አይደለም። መድረሳ ለቀራና ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወጣት የተጣለ አማና ነው።

መተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው የሲራራ ንግድ በር ነበረች። ቡናና ሰም በዚያ ይወጣ ነበር፤ ጨርቅና ብር ይገባ ነበር፤ የሰው ልጅም ሳይቀር ይሸጥባት ነበር። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ይመላለሱባታል። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ የተነሡ ተክሩሮችም በአካባቢው ሰፍረው ቀርተዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚሁ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀረች። ስለዚህ በአንድ የመተማ ቤት ውስጥ የኦስትሪያ ብር፣ የሱዳን ሰይፍና ከሩቅ ምዕራብ የመጣ ሙስሐፍ ጎን ለጎን ቢገኝ ሊያስገርመን አይገባም።

ከብሩ እንጀምር። ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ በእጁ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የተጻፈውን 1780 አይቶ «ከ240 ዓመት በላይ የኖረ ሳንቲም ነው» ይላል። ይህ ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም። 1780 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ብሩ በአፍሪካና በዐረብ አገሮች ስለተወደደ ከሞተችም በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምባይና በሌሎችም ከተሞች ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም። የሚነግሩን ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች፣ ከምስሏ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ በጠርዙ ዙሪያ ጎልቶ የወጣው የላቲን ጽሑፍ። የድሮ ነጋዴዎች ዕንቁዎቹን ቆጥረው፣ ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው ነበር የሚቀበሉት። በምኒልክ ዘመን ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተቀረጸው ብር ግን በግዕዝ ቁጥር ዓመቱን ስለያዘ ከዚህ ይለያል።

ብሩ እውነተኛ ይሁን አይሁን ለማወቅ መፋቅም፣ በአሲድ መንካትም አያስፈልግም። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው ይበቃል። ያልተጎዳ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከመቶው 83.3 እጅ ጥሩ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ወርቅ ቤት በምትገኘው ትንሽ ሚዛን ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጠን ሚዛኑን ዜሮ እናድርግ። ከዚያ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለን፣ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳያስነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እናጥልቀው። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካሳየ፣ 28.07ን በ2.75 ስናካፍል 10.2 ይመጣል፤ ይህም የዚህ ቅይጥ እፍጋት ነው። በብር የተለበጠ ናስ ከሆነ ውጤቱ ወደ 8.5 ይወርዳል። ይህ ዘዴ ከእኛ የራቀ አይደለም። አል-ቢሩኒ የማዕድናትንና የከበሩ ድንጋዮችን እፍጋት በዚህ መንገድ ለክተዋል፤ አል-ኻዚኒም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ውሃ ሚዛን «ሚዛን አል-ሒክማ» የተባለ ትልቅ ኪታብ ጽፈዋል። ማሳሰቢያ፦ ዶቃ ያለበት ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ በዚህ ዘዴ አይለካም።

ይህን ሁሉ የምንለካው ለሻጭ እንዲመች አይደለም፤ ሁለት ሐቆች ስላሉበት ነው።

አንደኛው የአላህ ሐቅ ነው። አንድ ማርትሬዛ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማ ጥሩ ብር አለ። የብር ኒሳብ በብዙዎች ስሌት 595 ግራም ነው። ስለዚህ 26 ጠገራ ብር ያለው ሰው ኒሳብ ሞልቷል ማለት ነው፤ ዓመት ከዞረበት ከመቶ 2.5 ዘካ ይመለከተዋል። «የአያቴ ማስታወሻ ነው» ማለት ብቻውን ዘካን አያነሣም። የሚለበስ ጌጥ ላይ መዝሀቦች ተለያይተዋል፤ ሐነፊዮች ዘካ አለበት ሲሉ ሻፊዒዮች ለተፈቀደ ጌጥ የለበትም ይላሉ። ተበስቶ ድሪ ላይ የተሰካው ሳንቲም ከየትኛው ይቆጠራል? ገና ያልተከፋፈለ የውርስ ብርስ እንዴት ይታሰባል? ይህን ለሸይኾቻችን እንተወዋለን። ሸይኹ ግን መልስ ሊሰጡን የሚችሉት ስንት ፍሬ፣ ስንት ግራም፣ ከምን የተሠራ እንደሆነ ስንነግራቸው ነው።

ሁለተኛው የወራሽ ሐቅ ነው። አንድ ሰው ሲሞት መሬቱና ከብቱ፣ አሁን አሁን መኪናውም ይቆጠራል። ሣጥን ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ሰይፉን ታላቅ ወንድ ልጅ ይወስዳል፤ የእናት አልቦና አምባር «ለሴት ልጅ ነው» ተብሎ በልማድ ያልፋል፤ ጠገራ ብሩ ቤቱን የያዘው ሰው ዘንድ ይቀራል። ሸሪዓው ግን በእጅ የተያዘን ሁሉ ውርስ ነው ይላል። ሚስት ከልጆች ጋር ስምንተኛ፣ ባል ከልጆች ጋር ሩብ፣ ሴት ልጅ የወንድሟን ድርሻ እኩሌታ አላት፤ ይህ ድርሻ ከአልቦውም ከሰይፉም ይታሰባል። ወራሾች ሁሉ ዐውቀውና ወደው «ይህ ለእሷ ይሁን» ቢሉ መልካም ነው፤ ስጦታ ነው። ሳያውቁ ከቀረ ግን የተባለው ስጦታ በሌላ ሰው ሐቅ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የአሮጌ ዕቃን ዋጋ ማወቅ ስግብግብነት የሚመስለው ሰው ካለ ነገሩን በሌላ በኩል ይየው፤ ተለይቶና ተገምቶ ያልተጻፈ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ሐቋ የሚቀረው እኅት ናት።

አሁን ወደ ኪታቡ እንለፍ፤ የበለጠ የሚያሳስበን እሱ ነውና። ገዢ ሲመጣ «ይህ የእኔ ነው፣ እሸጠዋለሁ» ከማለት በፊት የመጀመሪያውን ቅጠልና የገጾቹን ኅዳግ ማየት ግድ ነው። በዐረብኛ ዋው፣ ቃፍ፣ ፋ ተጽፎ ካገኘን ወቅፍ ነው። ሓ፣ ባ፣ ሲን ሆኖ «ሑቡስ» የሚልም ይኖራል፤ ትርጉሙ ያው ነው። ወቅፍ ማለት አንድ ሰው ለአላህ ብሎ ለመስጊድ፣ ለደረሳ ወይም ለዘሩ ቂርአት ያቆመው ንብረት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ወቅፍ ካደረጉበት ጊዜ ጀምሮ መሠረቱ የታወቀ ነው፤ ወቅፍ አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የያዘ ኪታብ በቤታችን መቶ ዓመት ቢቀመጥም የእኛ አይደለም፤ ጠባቂዎቹ ነን። «ፊ ሚልክ» የሚል ካለ ግን ከእሱ ቀጥሎ የተጻፈው የግል ባለቤቱ ስም ነው፤ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ እዚያ ልናገኝ እንችላለን።

የኪታቡን ዕድሜ ለማወቅ መጨረሻውን እንክፈት። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ስሙንና የጨረሰበትን ቀን በሂጅራ ያሰፍራል። የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝተን 614 ብንደምር የኢትዮጵያን ዓመት በግምት እናገኛለን፤ 1306 ሂጅራ ወደ 1881 ይመጣል፤ የመተማ ጦርነት ዓመት ማለት ነው። ግን ኪታቡ የተደረሰበት ዓመትና ቅጂው የተጻፈበት ዓመት የተለያዩ መሆናቸውን እንዳንረሳ። ቀን ከሌለው ወረቀቱን ወደ ብርሃን እናንሳው። ሦስት ጨረቃዎች በተርታ ከታዩ ለምሥራቅ ገበያ ተብሎ በጣሊያን የተሠራ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ይህ ኪታቡ ከወረቀቱ እንደማይቀድም ብቻ ይነግረናል፤ ከዚያ ያለፈ ግምት አንስጥ። በድንጋይ ማተሚያ የታተሙ የድሮ ኪታቦችም የእጅ ጽሑፍ ይመስላሉ። በእጅ በተጻፈው ላይ ቀለሙ ከብዕሩ ጋር ሲወፍርና ሲሳሳ ይታያል፤ ርእሶቹም ብዙ ጊዜ በቀይ ናቸው።

ከየት እንደመጣ ደግሞ ፊደሉ ይናገራል። ፋ ነጥቧ ከሥር ሆኖ፣ ቃፍ አንድ ነጥብ ብቻ ከላይ ካላት፣ አጻጻፉ የመግሪብና የምዕራብ አፍሪካ ነው። ቅጠሎቹ ሳይሰፉ ልቅ ሆነው በቆዳ ማኅደር ውስጥ ከተቀመጡም ልማዱ የዚያው ወገንና የሱዳን ነው። እንዲህ ያለ ሙስሐፍ በመተማ ቤት ከተገኘ በሐጅ መንገድ ከሩቅ የመጣ ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል። ይህን ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ምሁር ቀድሞ የሚያየው በልጅነቱ አሊፍ ባ ታ የቆጠረ ልጅ ነው። ዐይናችን ለዚህ የሠለጠነ ነው፤ እንጠቀምበት።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ያረጀ የሙስሐፍ ቅጠል እንዳይረገጥ ብሎ በንጹሕ ቦታ መቅበር ወይም ማቃጠል ዑለማ የፈቀዱት የክብር ሥራ ነው። ነገር ግን በእጅ የተጻፈ መሆኑን፣ የጸሐፊ ስምና የወቅፍ ቃል መኖር አለመኖሩን ሳናይ አይሁን። የተቀበረ ቅጠል ምስክርነቱን ይዞ ይሄዳል። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍም፣ ላሚኔት ማድረግም፣ የብር ጌጡን በአሸዋ መወልወልም ጉዳት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላችን፣ ምስጥም ባለበት፣ ኪታብ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ሰይፉ አጭር ቃል እንበል። በመተማ የተሰቀለ ሰይፍ ሁሉ «የዮሐንስ ጦርነት ጊዜ ነው» ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱም ወገን መሣሪያ በዚያ ሜዳ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ሁለት አፍ ያለው ቀጥ ያለው የሱዳን ሰይፍ በከሰላ አንጥረኞች እጅ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠራ የኖረ ነው፤ የመኪና ባሌስትራም ለስለቱ ውሏል። ስለቱ ላይ የተመታው የግማሽ ጨረቃ ምልክትም የአውሮፓ ሥራ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የአገሬው አንጥረኛም ይመታው ነበር። ስለዚህ ያልተረጋገጠውን «የጦርነቱ ሰይፍ» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው፤ ያታለለ ደግሞ ከእኛ እንዳልሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ታሪኩን ግን አንጣለው። ማን ለማን እንዳወረሰው፣ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተነገረ እንጻፈው። የመቅደላ ምርኮ በ1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሲሸጥ ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ነበር። ያ ምርኮ ዛሬም ከመቅደላ መሆኑ የሚታወቀው ወሳጆቹ ስለመዘገቡት ነው። የዘረፈ ሰው ከመዘገበ የወረሰ ሰው እንዴት አይመዘግብም?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ሰው የሚበላው ሲያጣ ስለ ቅርስ ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉናል። ቁም ነገር አለው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። እናት ልጇን ለማሳከም አልቦዋን ብትሸጥ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ንብረቷ ነው፤ የሰው ነፍስም ከብር ይበልጣል። እኛ የምንለው ችግረኛ ሆና ስትሸጥ ደግሞ እንዳትታለል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡትን ነጋዴዎች ገበያ ሳይደርሱ፣ ዋጋውን ሳያውቁ፣ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን ከልክለዋል። እንደ መተማ ላለ የሲራራ ከተማ ይህ ሐዲስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ዕቃውን የሚያውቅ ገዢ ከማታውቅ እናት ደጅ ላይ ቆሞ በግራም ሲገዛ የሚያደርገው ያንኑ ነው። ልጇ ክብደቱንና ዓይነቱን አስቀድሞ ቢነግራት ግን ገበያውን ደጇ ድረስ አመጣላት ማለት ነው።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲጠብቀው ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ድንበር ላይ ለምንኖር ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ወደ እኛ በሚመጣውም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በቀጠለው ጦርነት በካርቱም ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። በጋላባት በኩል የሚሻገር ስደተኛ የእናቱን አምባር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ የተዘረፈ ይዞ ሊሆን ይችላል። የተዘረፈ መሆኑ እየታወቀ የሚገዛ ዕቃ ሐላል አይሆንም፤ የስደተኛውን ችግር አይቶ በርካሽ መንጠቅም ሙሩዋ ያለው ሰው ሥራ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በዚህ ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንክፈት። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ፣ ክብደትና ልክ፣ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳለ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ፣ ወቅፍ ይሁን ሚልክ። አያቶቻችንን ቁጭ ብለን እንጠይቅ፤ ቃላቸውን በራሳቸው አነጋገር እንጻፍ። ደብተሩ የቤተሰቡ ነው፤ የማን ቤት ምን እንዳለ አደባባይ ላይ አይዘርጋ፤ ሌባ ይጠራልና። ስንመለስ ደግሞ ጀመዓችን ከኪታብ ዐዋቂ ኡስታዞችና ከታሪክ ተማሪዎች ጋር አንድ ሐለቃ ቢያዘጋጅ፣ ማንበብ ያቃተንን አብረን እናነባለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል፤ የሚጠየቅ ባለሙያ አለ።

ይህ ከንቱ ምኞት አይደለም። በሐረር አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግላቸው፣ ከየቤቱ ኪታብ፣ ሳንቲምና ጌጥ እየሰበሰቡ፣ የተጎዳውን ኪታብ እየጠገኑ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሙዚየም አቁመዋል። የጀመሩት አንድ ሰው ሆነው ነው። እኛ ጀመዓ ነን።

አላህ አማናን ለባለቤቱ የሚያደርሱ፣ በሚዛን የማያጎድሉ፣ ለወራሽ ሐቁን የሚሰጡ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።